ስህተት የማይገኝባት የሌለች ዋቢ

አንዲት የዋቢ መስመር፣ ማለትም በጽሑፍ መጨረሻ ምንጭን የምትጠቁም መስመር፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ካለች ቆየች። ደራስያኗ ቫን ደር ጊር፣ ሃንራድስ እና ላፕተን ይባላሉ፤ ርእሷ ስለ ሳይንሳዊ ጽሑፍ አጻጻፍ ጥበብ ነው፤ ዓመቷ 2000፣ ቅጿ 163፣ ገጿ ከ51 እስከ 59። የስም ምህጻሩ በቦታው አለ፣ ነጠላ ሰረዙ በቦታው አለ፣ ቅጹም ገጹም መስፈር ያለባቸው ቦታ ላይ ሰፍረዋል። ጥብቅ የሚባል አርታኢ እንኳ ቀይ እስክሪብቶውን የሚያሳርፍበት አያገኝባትም። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነው፤ የለችም። ጽሑፉን የጻፈው የለም፤ ጆርናሉም ኖሮ አያውቅም።

ነገሩ ይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የላይደን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፒተር ክሮነንበርግ ያጋጠማቸውን እንቆቅልሽ ለተመራማሪዋ ለአን-ዊል ሃርዚንግ አካፈሏቸው፤ ሃርዚንግም ተከታትለው ጻፉበት። መስመሯ አንድ ትልቅ አሳታሚ ለደራስያን ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ «ዋቢዎቻችሁን እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉ» ለማለት የተፈጠረች ናሙና ነበረች። ሰዎች የመመሪያውን አብነት (ቴምፕሌት) አውርደው የራሳቸውን ጽሑፍ በላዩ ጻፉ፤ ከታች የቀረችውን ናሙና ግን ሳይሰርዙ ላኩ። እንዲህ እየሆነ ወደ 400 በሚጠጉ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሳ ተገኘች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ስንፍናው አይደለም የሚከነክነኝ። አብነት ላይ የቀረ መስመር መርሳት ማንም ላይ ይደርሳል። የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ተባባሪ ደራሲ አይቷታል፣ ገምጋሚ አይቷታል፣ አርታኢ አይቷታል፣ ገጽ ያቀናበረው ባለሙያም አይቷታል። ማንም አላስቆማትም። ለምን ቢባል፣ እኔ የደረስኩበት መልስ ይሄ ነው፦ ቅርጿ ያማረ ስለሆነ። ዓይን የሚቆመው የተዛባ ነገር ላይ ነው። ነጥብ ቢጎድላት ኖሮ አንዱ ተገርሞ ያነባት ነበር፤ አንብቧት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከጽሑፉ ጋር ምን አገናኛት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ዋቢ ማስተካከልን እንደ ጌጥ ሥራ መቁጠሩን ትቻለሁ። ከደራሲው ጀምሮ እስከ አሳታሚው ድረስ ዝርዝሩን መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ካለ፣ የሚያነበው በዚያች የማስተካከያ ሰዓት ብቻ ነው።

## ሰባት ነገር ብቻ

የጆርናል ጽሑፍ ዋቢ አድራሻ ናት። ደራሲ፣ ዓመት፣ ርእስ፣ የጆርናሉ ስም፣ ቅጽና ቁጥር፣ ገጽ ወይም የጽሑፉ መለያ ቁጥር፣ በመጨረሻም ዲኦአይ፣ ማለትም የጽሑፉ ቋሚ ዲጂታል መለያ። ሰባት ነገር ነው። ስታይል የሚባለው የዋቢ አጻጻፍ ደንብ ሁሉ እነዚህኑ ሰባቱን ያደራጃል፣ ያሳጥራል፣ ቦታ ያቀያይራል እንጂ ስምንተኛ አያመጣም። ይህን መያዝ ሥራውን በግማሽ ያቀልላል፤ ምክንያቱም መረጃውን መሰብሰብና ቅርጹን ማበጀት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቅርጹን ሶፍትዌር በአንድ ጠቅታ ይለውጣል። መረጃው የተሳሳተ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ያንኑ ስህተት አሳምሮ ያትመዋል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሰባት ደራስያን ያሉት አንድ ጽሑፍ ይበቃል። በኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ስታይል) ሰባተኛ እትም ሰባቱም በዝርዝሩ ይጻፋሉ፤ እስከ 20 ድረስ ሁሉም ይዘረዘራሉ፤ 21 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ 19፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ፣ ከዚያ የመጨረሻው ሰው። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ በሚከተለው በቫንኩቨር የመጀመሪያዎቹ 6 ተጽፈው «ኤት አል» («እና ሌሎች») ይከተላል። በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር 11ኛ እትም 3 ብቻ ይጻፉና «ኤት አል» ይባላል። በመሐንዲሶቹ ማኅበር በአይ-ትሪፕል-ኢ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ስድስቱ «ኤት አል» ውስጥ ይገባሉ። ሰባተኛው ደራሲ በአንዱ ጆርናል ስሙ ይታያል፣ በሦስቱ ይሰወራል። ሕጉን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ስድስቱን ብቻ መዝግቦ ማስቀመጥ ግን ነገ ኤፒኤ ሲጠየቅ እንደገና ፍለጋ ያስወጣል። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ ሁሌም ሁሉም ይግቡ፤ መቁረጡ የስታይሉ ሥራ ነው።

በኤፒኤ ላይ በተደጋጋሚ የሚሳቱት ጥቂት ነጥቦች ናቸው። በእንግሊዝኛ የጽሑፉ ርእስ የመጀመሪያው ቃል፣ ከሁለት ነጥብ በኋላ ያለው ቃልና የተጸውኦ ስሞች ብቻ በካፒታል ይጀምራሉ፤ የጆርናሉ ስም ግን ዋና ዋና ቃላቱ ሁሉ በካፒታል ናቸው። የጆርናሉ ስምና የቅጹ ቁጥር ኢታሊክ (ያዘነበለ ፊደል) ይሆናሉ፤ በቅንፍ ያለው የእትም ቁጥር አይሆንም፤ ከቅጹም ጋር ያለ ክፍተት ይጣበቃል። ዲኦአይ ሙሉ ማያያዣ ሆኖ ይጻፍና መጨረሻው ላይ ነጥብ አይደረግበትም፤ ነጥቡ ከአድራሻው ጋር ተያይዞ ሲገለበጥ ማያያዣው ይሰበራልና። ከመጽሐፍ ላይ የአሳታሚው ከተማ በሰባተኛው እትም ቀርቷል። ሦስትና ከዚያ በላይ ደራስያን በጽሑፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ጥቅስ አንሥቶ «ኤት አል» ይባላሉ። ስድስተኛውን እትም የለመደ እጅ ግን አሁንም መጀመሪያ ላይ አምስቱንም ይዘረዝራል።

ቫንኩቨር ስሙን ያገኘው አርታኢዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ከተሰበሰቡባት ከተማ ነው፤ ጠባዩም ቁጥብ ነው። ከደራሲው የቤተሰብ ስም በኋላ ነጠላ ሰረዝ የለም፣ ከምህጻሩም በኋላ ነጥብ የለም። ገጽ ከ284 እስከ 287 ከሆነ 284 ሰረዝ 7 ተብሎ ያልቃል። የጆርናሉ ስም ያጥራል፤ አጥሮ የሚጻፈው ግን በገዛ ፈቃድ አይደለም። የሕክምናው ዘርፍ የአሜሪካን ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ይከተላል፤ ሌላው አይኤስኦ 4 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የስም ማሳጠሪያ ደረጃ። አንድ ቃል ብቻ የሆነ የጆርናል ስም አያጥርም፤ «ኔቸር» ኔቸር ነው። እዚህ ላይ በግምት የተቆረጠ ስም ሁለት ጆርናሎችን ሊያምታታ ይችላል።

«ሃርቫርድ ስታይል ተጠቀሙ» የሚል መመሪያ ሲመጣ ደግሞ ገና ምንም አልተባለም ማለት ነው። ደራሲና ዓመት የመጥቀስ ልማድ በሃርቫርዱ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በኤድዋርድ ማርክ የ1881 ጽሑፍ ይጀመራል ቢባልም፣ ሃርቫርድ የሚባል አንድ ባለሥልጣን መመሪያ መጽሐፍ የለም። ዓመቱ በቅንፍ ይሁን አይሁን፣ ርእሱ በጥቅስ ምልክት ይከበብ አይከበብ የሚወስነው ጆርናሉ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታመነው መመሪያው ሳይሆን ጆርናሉ በቅርብ ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሁለት ሦስት አዲስ ጽሑፎች አውርዶ የዋቢ ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን ማየት ከብዙ ግምት ያድናል።

## ጠቅታዋ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዋቢ የሚበላሸው በመጨረሻው ሌሊት ይመስለናል፤ በእርግጥ የሚበላሸው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው። ጽሑፍ ፈልገን አገኘን፣ «አስገባ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫንን፣ ዋቢ የሚያጠራቅመው ፕሮግራም፣ ዞቴሮ ወይም ሜንደሌይ ወይም ኤንድኖት፣ መረጃውን ዋጠ። ከዚያ በኋላ ያንን መዝገብ ከፍቶ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ሚኻይል ሲምኪን እና ቭዋኒ ሮይቾድሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። 4,300 ጊዜ ገደማ የተጠቀሰ አንድ ታዋቂ የፊዚክስ ጽሑፍ ወሰዱ። ከጥቅሶቹ 196ቱ በቅጽ፣ በገጽ ወይም በዓመት ላይ ስህተት ነበረባቸው። እስከዚህ ድረስ የሚደንቅ የለም። የሚደንቀው 196ቱ ስህተቶች ሲለዩ 45 ዓይነት ብቻ ሆነው መገኘታቸው ነው፤ አንዱ ስህተት ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። ሰው ሁሉ ለብቻው ቢሳሳት ስህተቱ እንደየሰው ይለያይ ነበር። ተመሳሳዩን ቁጥር 78 ጊዜ መሳሳት ግን ከሌላ ሰው ዝርዝር ላይ መገልበጥ ነው። ከዚህ ተነሥተው ዋናውን ጽሑፍ የሚያነበው ከጠቃሾቹ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ብለው ገመቱ። ግምቱ ሊያከራክር ይችላል፤ 78 ግን 78 ነው። የሌለችው ዋቢ የሄደችውም በዚሁ ጎዳና ነው።

ስለዚህ እኔ የማምንበት ሥርዓት ሳይደርቅ በርጥቡ የሚለው ነው፤ መዝገቡን በገባበት ደቂቃ፣ ፒዲኤፉ ገና ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ሳለ ማየት። መጀመሪያ ርእሱ። አንዳንድ የመረጃ ቋት ርእሱን ሙሉ በሙሉ በካፒታል ይልካል፣ ሌላው የእያንዳንዱን ቃል መነሻ ብቻ። ዞቴሮ ውስጥ ርእስ ሁሌም በትንንሽ ፊደል፣ የመጀመሪያው ቃልና የተጸውኦ ስሞች ብቻ በካፒታል ሆነው ይቀመጡ። ከዚህ ቅርጽ ወደ ሁሉም በካፒታል መለወጥ ለፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ የተገላቢጦሹን ግን አይችልም፤ የትኛው ቃል የሰው ወይም የአገር ስም እንደሆነ ማወቂያ የለውምና። ላቴክ የሚባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ለሚጠቀሙ ሰዎች አደጋው በተቃራኒው ነው፤ ብዙ የቢብቴክ (የላቴክ ዋቢ አዘጋጅ) ስታይሎች ርእሱን በሙሉ ወደ ትንሽ ፊደል ያወርዱታል፤ ስለዚህ የተጸውኦ ስሞችና ምህጻረ ቃላት በጥምዝ ቅንፍ ይከበባሉ።

ቀጥሎ ስም። ፕሮግራሙ ደራሲ ሁሉ ሰው ነው፣ ሰው ሁሉም የመጨረሻ ቃሉ የቤተሰብ ስሙ ነው ብሎ ያምናል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ እምነት «ኦርጋናይዜሽን፣ ደብሊው. ኤች.» ሆኖ ታትሞ ይገኛል፤ ሳቅ ቢያስመጣም ብርቅ አይደለም። በዞቴሮ የስሙን ሳጥን ወደ አንድ መስክ መለወጥ፣ በኤንድኖት ደግሞ ከድርጅቱ ስም በኋላ ነጠላ ሰረዝ ማስቀመጥ መፍትሔው ነው። ሁለት የቤተሰብ ስም ያላቸው ስፔናውያን አንዱን ያጣሉ፤ የቤተሰብ ስም የሌላቸው ሕዝቦች ደግሞ ባልጠየቁት ስም ይጠራሉ። እዚህ ላይ ከማንኛውም ሕግ የሚበልጠው ደራሲው ራሱን በቀደሙ ጽሑፎቹ እንዴት እንደሚጠቅስ ማየት ነው።

ሦስተኛው ዓመት ነው። ጽሑፉ በታኅሣሥ 2021 በኢንተርኔት ወጥቶ በመጋቢት 2022 ቅጽና ቁጥር ሲያገኝ ሁለት ዓመት ይኖረዋል። ቅጹንና ገጹን ከጻፍን ዓመቱም የዚያው ቅጽ ይሁን፤ 2022። አለበለዚያ 2021 ከ2022 ቅጽ ጋር ተጋብቶ የትም የማያደርስ አድራሻ ይወጣል። አራተኛው ገጽ ነው። ብዙ አዳዲስ ጆርናሎች ተከታታይ ገጽ ትተው ለጽሑፉ የራሱን ቁጥር ይሰጣሉ። በዚህ ፈንታ ከፒዲኤፉ ላይ «ከ1 እስከ 12» ብሎ መውሰድ ስህተት ነው፤ በዚያ ጆርናል ውስጥ ጽሑፍ ሁሉ ከ1 ይጀምራልና አድራሻው የማንም አይሆንም።

አንድ ምልክት ደግሞ አለ፤ ያወቀው ብዙ ጊዜ ያተርፋል። በጽሑፉ ውስጥ ያልጠበቅነው ነገር ብቅ ሲል፣ ለምሳሌ ከዓመቱ ጎን «ኤ» እና «ቢ» ፊደል ሲለጠፍ ወይም ከቤተሰብ ስሙ በፊት ምህጻር ሲገባ፣ ስታይሉ ተበላሸ ብለን እንጮኻለን። ስታይሉ ደኅና ነው። አንዱ ጽሑፍ ከሁለት ቋት ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው፤ ወይም የአንዱ ሰው ስም በአንድ መዝገብ ሙሉ፣ በሌላው በምህጻር ተቀምጦ ፕሮግራሙ ሁለት ሰው መስሎታል። ፊደሉን ከጽሑፉ ላይ በእጅ ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ በሚቀጥለው ማደሻ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ የተደገሙትን መዝገቦች ማዋሐድ፣ የሰውየውንም ስም በሁሉም መዝገብ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው።

## የሚንቀሳቀሱ ቁጥሮች

እንደ ቫንኩቨር በቁጥር በሚጠቅሱ ስታይሎች ዋቢ 1 መጀመሪያ የተጠቀሰው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሠንጠረዥ እስኪመጣ ድረስ። ሕጉ በሠንጠረዥ ወይም በሥዕል መግለጫ ውስጥ ብቻ ያለ ዋቢ ቁጥር የሚያገኘው ሠንጠረዡ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተነሣበት ቦታ ነው ይላል። ብዙ ጆርናሎች ግን ሠንጠረዦች ከዋቢ ዝርዝሩ በኋላ ይቀመጡ ይላሉ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚቆጥረው በፋይሉ ውስጥ ባገኘው ተራ ነው። ውጤቱ፣ በገጽ 4 የተነሣው ሠንጠረዥ ዋቢዎች 38 እና 39 ሆነው ይቀራሉ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሠንጠረዡን ከተነሣበት አንቀጽ ሥር ማቆየት፣ ቁጥሩ ከጸና በኋላ ብቻ ወደ ኋላ መውሰድ ነው የሚያዋጣው።

ሌላው ችግር ተባባሪ ደራሲ ነው። አንዱ በሶፍትዌሩ ያስገባል፣ ሌላው ስምና ዓመት በቅንፍ በእጁ ይጽፋል። በእጅ የተጻፈው በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ፕሮግራሙ አያየውምና። በወርድ ውስጥ የፊልድ (ፕሮግራም ያስገባው ቦታ) ጥላ ሁልጊዜ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ሕያው ጥቅሶች፣ ማለትም ከሶፍትዌሩ ጋር የተያያዙት፣ በግራጫ ይደምቃሉ፣ በእጅ የገቡት ነጭ ሆነው ይጋለጣሉ። ሕያው ጥቅስ ውስጥ ገብቶ «ገጽ 45» ብሎ በእጅ መጨመርም ከንቱ ነው፤ ሲታደስ ይጠፋል። ለገጽና ለቅድመ ቃል የተዘጋጀ የራሱ ሳጥን አለው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር እላለሁ፤ የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ጽሑፉን መጀመሪያ ለጆርናል ለመላክ ነጠላ ሰረዝ እየለቀሙ ሌሊት ማደር አያስፈልግም። ብዙ አሳታሚዎች በመጀመሪያው ዙር ማንኛውንም ስታይል ይቀበላሉ፤ የሚጠይቁት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆኑን ነው፤ ዲኦአይ ቢኖር ደግሞ ይመርጣሉ። ጽሑፉ ውድቅ ቢሆን በሚቀጥለው ጆርናል ስታይሉ ሌላ ነው። ያ ሌሊት ለመረጃው ይዋል፤ መረጃው የትም ቢሄድ አብሮ ይሄዳል። መመሪያው አስቀድሞ ስታይሉን ካስገደደ ግን ክርክር የለም፤ ሳይገመገም የሚመለስ ጽሑፍ ሳምንት ይበላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማስገቢያው ቀን ላይ የተሠራ ዝርዝር ገምጋሚው ፊት ነው የሚፈታው።

## ከመላኩ በፊት

የመጨረሻው ደረጃ ፋይሉን ከሶፍትዌሩ ማላቀቅ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ሕያው፣ አንዱ ደረቅ። ደረቁ ይላካል፤ ሕያው ይቀመጣል፤ ከግምገማ በኋላ የሚታረመውም ሕያው ነው። ደረቁን ብቻ ያስቀረ ሰው ገምጋሚው ከ12ኛው ቀጥሎ አራት ዋቢ ጨምር ሲለው ከ12 በኋላ ያለውን ቁጥር በሙሉ በእጁ ይቀይራል።

ደረቁ ላይ ሁለት ቆጠራ ይበቃል። በቁጥር ከሆነ፣ ቁጥሮቹ መጀመሪያ የሚታዩት በተራ መሆኑንና ትልቁ ቁጥር ከዝርዝሩ ርዝመት ጋር እኩል መሆኑን። በደራሲና ዓመት ከሆነ፣ «(19» እና «(20» ብሎ እየፈለጉ በጽሑፉ ያለውን እያንዳንዱን ጥቅስ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ፤ ዓመቱ ከቅንፉ መክፈቻ ጋር ያልተያያዘበትን ዓይነት ደግሞ ዓመቱን ብቻ ፈልጎ ማየት። ምልክት ያልተደረገበት መስመር ከዝርዝሩ ይወጣል፤ መስመር ያላገኘ ጥቅስ ይፈለግለታል።

ከዚያ ዲኦአይ። ሁሉም በ10 እና በነጥብ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሐሰተኛውም እውነተኛ ይመስላል። አሁን ደግሞ ዋቢ የሚፈጥሩ የቋንቋ ሞዴሎች መጥተዋል፤ ደራሲው የታወቀ፣ ርእሱ የሚታመን፣ ዲኦአዩ ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚወስድ ወይም የትም የማይወስድ። ለናሙናዋ ዋቢ አብነት ያስፈልጋት ነበር፤ ለእነዚህ አያስፈልጋቸውም። ፈተናው ግን አንድ ነው፦ ማያያዣውን ከፍቶ የመጀመሪያውን ደራሲ፣ ርእሱንና ዓመቱን ከመስመሩ ጋር ማስተያየት። 40 ዋቢ ቢኖር፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተሰጥቶ 40 ደቂቃ ነው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ በአሳታሚው ከተሰረዘ በዚያው ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያው ይታያል፤ የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚመዘግበው የሪትራክሽን ዎች የመረጃ ቋትም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ዲኦአይ በሚመዘግበው በክሮስረፍ በኩል ለማንም ክፍት ነው፤ ዞቴሮ ደግሞ የተሰረዘ ጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ ሲያገኝ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ዲኦአይ የሌላቸው ቆየት ያሉ መጻሕፍትና ጽሑፎች ይቀራሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ዋናው ገጽ በዓይን ይታይ። ዋናው ካልተገኘ፣ ያነበብነው ሌላ ሰው የጠቀሰውን ከሆነ፣ ያንኑ መናገር ነው። በኤፒኤ ሁለቱም ስም በጽሑፉ ውስጥ ይነሣል፤ በዝርዝሩ የሚገባው ግን በእጃችን የገባው ብቻ ነው። ያም ካልተገኘ መስመሩ ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ ያለ ዋቢ የቀረችውን ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ማንበብ ነው፤ አንዳንዷ ብቻዋን ትቆማለች፣ አንዳንዷም መስመሯን ተከትላ ትሄዳለች።